ያመረቀዘ ቁስልና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

በድሬዳዋ ከተማ የሚሠራ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ለአብነት ይወሰድ። ከቀፊራ ገበያ ወደ ሳቢያን ሲያመራ ባጃጁ ይገለበጥና ቅልጥሙ በአስፋልት ይላላጣል። ቁስሉ ጥልቅ ባይሆንም አሸዋና አቧራ ገብቶበታል። ደሙ እንዲቆም የተፈጨ ቡና ይነሰንስበታል። ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ከቀሩት የአሞክሲሲሊን እንክብሎች ሁለቱን ከፍቶ ዱቄቱን በቁስሉ ላይ ይበትናል፤ ሦስተኛውን ይውጣል። በአራተኛው ቀን ቁስሉ ሲያመረቅዝ ከጎረቤት ያገኘውን ሌላ መድኃኒት ይጀምራል፤ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ያቋርጠዋል። በሁለተኛው ሳምንት እግሩ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ተቋም ይደርሳል፤ የሚሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒት ግን ለውጥ አያመጣለትም። በዚህ ጊዜ ከአንደበቱ የሚወጣው ቃል በብዙዎች ዘንድ የተለመደው ነው፦ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል።»

ይህ አባባል ከእውነት የራቀው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስህተቱ ግን ብዙ ያስከፍላል። መድኃኒቱን የለመደው የሰውየው ሰውነት ሳይሆን በቁስሉ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ነው። የለመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ተወስኖ በቀረ ነበር። ባክቴሪያ ግን ከቁስሉ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፎጣና ወደ አልጋ ልብስ፣ ከዚያም በቤት ውስጥ ወዳለ ሕፃን ወይም በሆስፒታል በአጠገቡ ወደተኛ ሕመምተኛ ይሻገራል። ባክቴሪያውን የሚረከበው ሰው በሕይወቱ አንድም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ይህም ሆኖ በሕክምና የሚገጥመው ችግር ከአሽከርካሪው የተለየ አይሆንም።

በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ይህ ክስተት የመድኃኒት ብግርነት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች» የሚለው አጠራር የተመረጠው ለብዙኃኑ አንባቢ ግልጽ ስለሆነ ነው።

ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚላመደው እንዴት ነው?

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሲሆን የሚራባው ለሁለት በመከፈል ነው። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ዝርያዎች ምቹ ሁኔታ ሲያገኙ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላሉ። በዚህ ስሌት አንዲት ባክቴሪያ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። በዚህ ፍጥነት ሲባዙ ዘረመላቸውን በሚገለብጡበት ወቅት ጥቃቅን ስህተቶች ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ስህተቶች ለባክቴሪያዋ የማይጠቅሙ ወይም የሚጎዷት ናቸው። ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል አንዷ ግን በአጋጣሚ ከአንድ መድኃኒት የሚያድናት ለውጥ ልታገኝ ትችላለች።

መድኃኒት በሌለበት ይህች አንዲት ባክቴሪያ ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አይኖራትም፤ ከብዙኃኑ ጋር እየተሻማች ትኖራለች። መድኃኒት ሲመጣ ግን በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ይሞቱና ቦታውም ምግቡም ለእርሷ ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱ ብግርነትን አልፈጠረም፤ ደካሞቹን አስወግዶ ለጠንካራዋ መንገዱን ጠረገላት እንጂ። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በተወሰደ ቁጥር ይህ ምርጫ ይካሄዳል። የሚካሄደውም በታመመው ቁስል ላይ ብቻ ሳይሆን በአንጀት፣ በአፍንጫና በቆዳ ላይ ያለ ጉዳት በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ላይ ጭምር ነው።

ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የሚከላከሉበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ሌሎች ወደ ውስጥ የገባውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ ይገፋሉ። ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የአካላቸውን ክፍል ቅርጽ ስለሚቀይሩ መድኃኒቱ የሚይዘውን ያጣል። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ይህን ችሎታ ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፋቸው ነው። ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዘረመል ቀለበት አማካይነት ብግርነት ከልጅ ልጅ ከመውረሱ በተጨማሪ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ አልፎ አልፎም ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላ ዝርያ ይተላለፋል። አንድ ቀለበት ለሦስትና ለአራት መድኃኒቶች የሚሆን መከላከያ በአንድ ላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ ርካሽ የሆነ አንድ መድኃኒት ያለአግባብ መወሰዱ በውድ ዋጋ የሚገዛውን ሌላ መድኃኒት ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

ቁስል ለባክቴሪያ ያለው ምቹነት

ጤናማ ቆዳ በቀላሉ የማይደፈር አጥር ነው። አጥሩ ሲቀደድ ከሥሩ ያለው ሙቀት፣ እርጥበትና በደም የሚመላለስ ምግብ ለባክቴሪያ የተዘረጋ ማዕድ ይሆናል። በቁስል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ሩቅ አይኖርም፤ ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ምንም ሳይታመም በአፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል። አፍንጫውን በነካ እጅ ቁስሉን የሚነካ ሰው ባክቴሪያውን በራሱ እጅ ያስገባዋል። ኢ. ኮላይና ክሌብሴላ ከአንጀት የሚመጡ ሲሆን ከመጸዳጃ በኋላ ባልታጠበ እጅ ወደ ቁስል ይደርሳሉ። ሱዶሞናስ ደግሞ እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ በቃጠሎ ቁስልና ለረጅም ጊዜ ባልዳነ ቁስል ላይ ይበረታል፤ አንዳንድ ጊዜም በፋሻው ላይ በሚተወው አረንጓዴ ቀለምና በልዩ ሽታው ይታወቃል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያመለክታሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያመረቀዘ ቁስል ባላቸው 150 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 145 ባክቴሪያዎችን ለይቷል። ከእነዚህ ውስጥ 47ቱ፣ ማለትም ሲሶ ያህሉ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነበሩ፤ ኢ. ኮላይ በሁለተኛ ደረጃ ተከትሏል። ከተለዩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ መድኃኒቶችን የተላመዱ ሆነው ተገኝተዋል። ድሬዳዋ ከጅማ ብትርቅም ባክቴሪያዎቹ ርቀት አያግዳቸውም። ከተማዋ ከተመሠረተችበት ጊዜ ጀምሮ የባቡርና የንግድ መተላለፊያ ናት፤ ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ መንገደኛ ይገባባታል። ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልም ከከተማዋ ነዋሪዎች ሌላ ከአጎራባች የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል አካባቢዎች የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። ሰው በተመላለሰ ቁጥር በቆዳውና በአንጀቱ የያዘው ባክቴሪያ አብሮት ይመላለሳል።

ቁስል ሌላም አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በደም ሥር የሚዘዋወር መድኃኒት የሚደርሰው ደም በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። የሞተ ሥጋ ደም የለውም፤ የታቆረ መግልም የለውም። ስለዚህ መግል ቋጥሮ ያበጠ ቁስል ሳይከፈትና ሳይጸዳ በእንክብል ብቻ እንዲድን መጠበቅ በተዘጋ በር ላይ ውሃ እንደ መርጨት ነው። ከዚህም በላይ ባክቴሪያዎች በቆየ ቁስል ላይ ተሰባስበው ባዮፊልም የሚባል አንፀባራቂና አንሸራታች ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ በሽፋኑ ሥር ሆነውም ለብቻቸው ቢሆኑ የሚገድላቸውን የመድኃኒት መጠን ይቋቋማሉ። በእነዚህ ምክንያቶች ቁስል የማይድንበት ጊዜ አለ፤ መድኃኒቱ ግን አሁንም የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ብግርነት ይሁን ያልጸዳ ቁስል መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በግምት መድኃኒት መቀያየር ሁለተኛውን ችግር ወደ መጀመሪያው ይለውጠዋል።

ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊትና በኋላ

ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሌለበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ርቆ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀገር ኦክስፎርድ ከተማ አንድ ፖሊስ ፊቱና የራስ ቆዳው በባክቴሪያ ተመርዞ፣ አንድ ዓይኑን እስከ ማጣት ደርሶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ገና በሙከራ ላይ የነበረው ፔኒሲሊን ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፤ ምግብም መብላት ጀመረ። ሆኖም የነበረው ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት ነበር። ተመራማሪዎቹ ከሽንቱ እየለዩ መልሰው እስከ መስጠት ቢደርሱም ክምችቱ አለቀ፤ ሕመሙ አገርሽቶበትም በሚቀጥለው ወር ሞተ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አንድ ሣጥን ያድነው ነበር።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለቁስል እንግዳ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፈረንሳይ ውስጥ በቡሎኝ ከተማ በነበረ ወታደራዊ ሆስፒታል የቁሰለኞችን ቁስል አጥንቷል። ሐኪሞች በጥልቅ ቁስል ውስጥ ያፈሱት የነበረው ጠንካራ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል በቁስሉ ስርጓዳ ሥፍራዎች የተደበቁትን ባክቴሪያዎች ሳይደርስባቸው ቀርቶ፣ ባክቴሪያን የሚከላከሉትን የሰውነትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድል እንደነበር አሳይቷል። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም በረኪና፣ ያልተበረዘ አልኮልና የመኪና ባትሪ ውሃ ሳይቀር በቁስል ላይ ሲፈስ መታየቱ ያሳዝናል።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ፔኒሲሊን እንደ ልብ የሚገዛበት ቀን ሲመጣ ሰዎች ከሚገባው ያነሰ መጠን እየወሰዱ ባክቴሪያውን ሊያለማምዱት እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ጊዜም አልፈጀ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከሕሙማን ከተወሰዱት ስታፊሎኮከሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፔኒሲሊንን የተላመዱ ሆነው ተገኙ። እነዚህን ለመርታት ሜቲሲሊን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 በሥራ ላይ ዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፊሎኮከስ መገኘቱ ተገለጸ። መድኃኒቱን ለመፍጠር ዓመታት የፈጀ ሲሆን ባክቴሪያው ለመልስ የወሰደበት ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሜቲሲሊንን የተላመደው ስታፊሎኮከስ ዛሬ በመላው ዓለም፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ የቁስል ሕክምናን ከሚያወሳስቡ ባክቴሪያዎች ዋነኛው ነው።

በወረርሽኝ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ይህ ሞት በአንድ ቀን አይደርስም፤ በዜናም አይነገርም፤ በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ «ከቀዶ ሕክምና በኋላ»፣ «ከወሊድ በኋላ»፣ «ከቃጠሎ በኋላ» እየተባለ የሚያልፍ ነው። ድምፅ የሌለው ወረርሽኝ መባሉም ለዚህ ነው።

ድምፅ ያለው ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ይህኛውን ያባብሰዋል። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ መንስኤ ቫይረስ ነው፤ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገለጸው፣ በኮቪድ-19 ሆስፒታል ከተኙት ሕሙማን መካከል ተጨማሪ የባክቴሪያ ሕመም የነበረባቸው 8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ «ምናልባት ይጠቅማል» በሚል ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የተሰጣቸው ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ናቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ በነበሩት የጭንቀት ወራት አዚትሮማይሲን የሚለውን ስም ከሕክምና ባለሙያ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ አውቆት ነበር።

የድሬዳዋ ነዋሪ ይህን ከሌሎች ይልቅ በቅርብ ሊረዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በከተማዋ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል። ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ ሕመሞች ናቸው። መገጣጠሚያን የሚያስር፣ ከአልጋ የሚያውል ትኩሳት የያዘው ሰው አንድ መድኃኒት እንዲሰጠው መጓጓቱ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ትኩሳት የተዋጠ አሞክሲሲሊን በደሙ ውስጥ ያለውን ቫይረስ አይነካውም፤ በአፍንጫውና በቆዳው ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ያለማምዳል። ከወራት በኋላ ይኸው ሰው እግሩ ቢቆስል ወደ ቁስሉ የሚገቡት የተለማመዱት ናቸው።

የጎርፍ አደጋም የወረርሽኝ ያህል ቁስል ያስከትላል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው አደጋ በከተማዋ አልተረሳም። በጎርፍ ውሃ ውስጥ አፈር፣ የመጸዳጃ ፍሳሽና የእንስሳት እዳሪ ስለሚቀላቀል፣ በዚያ ውሃ ውስጥ በቆርቆሮና በድንጋይ የተቆረጠ እግር ከተራ ቁስል የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለው ቁስል ትንሽ ቢመስልም በዚያው ዕለት በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስፈላጊነትም በዚያው ይወሰናል። ክትባቱን የሚተካ ፀረ-ባክቴሪያ እንክብል የለም።

በቤት ውስጥ

ሳሙናና ውሃ መድኃኒት የተላመደውንና ያልተላመደውን ባክቴሪያ አይለዩም፤ ሁለቱንም እኩል ያጥባሉ። እስከ ዛሬም ሳሙናን የተላመደ ባክቴሪያ ለሕክምና አላስቸገረም። ስለዚህ የቁስል የመጀመሪያው ሕክምና ማጠብ ነው፤ ከዚህ የሚቀድመው የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ በመያዝ ደሙን ማስቆም ብቻ ነው። ቁስሉን የሚያጥበው ሰው አስቀድሞ የራሱን እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያም በሚፈስ ንጹሕ ውሃ፣ የቧንቧው ውሃ አጠራጣሪ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ አሸዋውና ቆሻሻው እስኪወጣ ድረስ ለደቂቃዎች ያጥበዋል፤ በዙሪያው ያለውን ቆዳ በሳሙና ያጸዳል። ሲጨርስ በንጹሕ ጎዝ ወይም ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጨርቅ ይሸፍነዋል። መሸፈኛው በየቀኑ፣ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ደግሞ ወዲያውኑ ይቀየራል። በውሻ ወይም በሌላ እንስሳ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ሳያቋርጥ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ሰዓት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ቡና፣ አመድ፣ እበትና የጥርስ ሳሙና በቁስል ላይ መደረግ የለባቸውም። ቡናው ደሙን ያቆመ ቢመስልም ብናኙ በቁስሉ ውስጥ ይቀራል፤ የቁስሉን መልክ ስለሚሸፍንም ባለሙያው ያለበትን ሁኔታ ለማየት ይቸገራል። እበት የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም ሊይዝ ይችላል።

ስለ እንክብሉ ዱቄት ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ልማዱ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሳ ብዙ ሰው እንደ ሕክምና ይቆጥረዋልና። ለመዋጥ የተሠራ እንክብል መጠኑ የተለካው በሆድ ተፈጭቶ በደም እንዲሠራጭ ታስቦ ነው። ዱቄቱ በቁስል ላይ ሲበተን አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል፤ ሌላው ቦታ ጭራሹን አይደርሰውም፤ በመካከሉ ያለው ሥፍራ ደግሞ ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ያገኛል። ከቁስሉ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራና መግሉ ከሥሩ እንዲታቆር ያደርጋል። አንዳንድ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂም ያስነሳል። ይህን ሁሉ ጉዳት የሚክስ ጥቅም አልተገኘለትም።

በቤት የተቀመጠ የተረፈ መድኃኒት በድሬዳዋ ከሌላ ቦታ የባሰ ችግር አለው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጡ በሣጥናቸው ላይ ተጽፏል። በከተማዋ የቀኑ ሙቀት የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ የከረመ አሞክሲሲሊን የመጠቀሚያ ጊዜው ባያልፍም እንኳ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ኃይሉ የቀነሰ መድኃኒት ፍሌሚንግ የፈራው ያነሰ መጠን ማለት ነው። ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት ውጭ በሱቅና በጉሊት የሚሸጡትም እንዲሁ በምን ሙቀት እንደመጡ፣ በውስጣቸውም ምን እንዳለ የሚታወቅበት መንገድ የለም። በሀገሪቱ ሕግ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ የተከለከለው ሕዝቡን ለማጉላላት አይደለም።

አብዛኛው ትንሽ ቁስል በደንብ ታጥቦ ከተሸፈነ ያለ ምንም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ይሽራል። ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው ሕመሙ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ከመቀነስ ይልቅ ሲብስ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ሲኖረው፣ እብጠቱና ሙቀቱ ከቁስሉ ዳር አልፎ ሲስፋፋ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ነው። በብዙ መጻሕፍት ከምልክቶቹ መካከል «መቅላት» ይጠቀሳል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሌላው አካል ይበልጥ መሞቁንና ቆዳው መወጠሩን መመልከት ይሻላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። የእግሩ ነርቭ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉ አያመውም፤ የደም ዝውውሩም ስለሚዳከም ቁስሉ በቀላሉ አይሽርም። በድሬዳዋ ሙቀት ሸበጥና ነጠላ ጫማ መዘውተሩ የታወቀ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን የተሸፈነ ጫማ ቢያደርግና ማታ ማታ የውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በቤተሰብ ቢያስመለከት ከመቆረጥ የሚያድን ልማድ ይሆንለታል።

በጤና ተቋም

መድኃኒት የታዘዘለት ሕመምተኛ በታዘዘው መጠንና ሰዓት ይወስዳል፤ ስለተሻለው ብቻ በራሱ አያቋርጥም፤ ለሌላም አያካፍልም። መድኃኒቱ የማይስማማው ከሆነ ወደ አዘዘለት ባለሙያ ይመለሳል። በሌላ በኩል ባለሙያው «መድኃኒት አያስፈልግህም፤ ቁስሉን ማጠብ ይበቃል» ሲል ሕመምተኛው እንደተናቀ ሊቆጥረው አይገባም። ባዶ እጁን ላለመመለስ ሲል የሚወተውት ሕመምተኛና ከውትወታው ለመገላገል ሲል የሚያዝ ባለሙያ እኩል ተጠያቂዎች ናቸው።

ቁስሉ ለመጀመሪያው መድኃኒት መልስ ካልሰጠ የናሙና እርባታ ምርመራ፣ በተለምዶ ካልቸር የሚባለው፣ ሊታዘዝ ይችላል። ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ከውስጡ ናሙና ተወስዶ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይዘራል። ባክቴሪያው ሲበቅል ልዩ ልዩ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ይቀመጣሉ። የሚሠራው መድኃኒት በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይተዋል፤ የማይሠራው መድኃኒት ወረቀት ድረስ ባክቴሪያው ተጠግቶ ይበቅላል። ባክቴሪያው የሚበቅልበትን ጊዜ ማሳጠር ስለማይቻል ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። ሕመምተኛው ከምርመራው በፊት በራሱ የወሰደው መድኃኒት ካለ ሳያፍር መናገር አለበት። በሰውነቱ ያለው መድኃኒት ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ እንዳይበቅል ሊያደርግ ስለሚችል «ባክቴሪያ አልተገኘም» የሚል አሳሳች ውጤት ይመጣል። ባዶውን የመድኃኒት ሣጥን ይዞ መሄድ ስሙን ለማስታወስ ከመታገል ይሻላል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተመረጡ የቅኝት ተቋማት እንዲህ ያሉ የላቦራቶሪ ውጤቶችን እያሰባሰበ የብግርነትን አካሄድ ይከታተላል።

ለቀዶ ሕክምና ወይም በቀዶ ለመውለድ የሚዘጋጁ ሰዎች ከቤታቸው ማድረግ የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። ከቀዶው በፊት ገላን በሳሙና መታጠብ ይመከራል። የሚቀደደውን አካባቢ ፀጉር በምላጭ መላጨት ግን አይገባም፤ ምላጭ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ስለሚተው ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት በሆስፒታሉ በመቁረጫ ይነሳል። በብዙ ቀዶ ሕክምናዎች መከላከያ የሆነው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቀዶው ካለቀ በኋላ ለመከላከል ሲባል ብቻ እንዲቀጥል አይመክርም። ስለዚህ ወላዷ ያለ እንክብል ወደ ቤቷ ብትላክ ቤተሰቧ ቸልታ ነው ብሎ በራሱ መድኃኒት መግዛት የለበትም። ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰውም አልጋው ላይ ባይቀመጥ፣ የቁስሉን ፋሻ ባይነካ፣ ሲገባና ሲወጣም እጁን ቢታጠብ ከሚያመጣው ፍራፍሬ የበለጠ ይጠቅማል።

በየዓመቱ ከኅዳር 9 እስከ 15 ያለው ሳምንት በዓለም አቀፍ ደረጃ የመድኃኒት ብግርነት ግንዛቤ ሳምንት ሆኖ ይታሰባል። ሳምንቱ በሀገራችን ኅዳር 12ን በመካከሉ ይይዛል። በብዙ ከተሞች በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተብሎ የተጠራውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በማሰብ ነው። በዚያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው ከቫይረሱ ቀጥሎ የመጣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች እንደነበር ኋላ የተደረጉ ምርምሮች አመልክተዋል፤ ፔኒሲሊን ያን ጊዜ አልነበረም። ቤት ሲጸዳ ከመደርደሪያ የሚገኘው የተረፈ እንክብል ግን ከቆሻሻው ጋር ወደ እሳቱ ወይም ወደ ደቻቱ አሸዋ የሚጣል አይደለም። በአፈርና በውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም መድኃኒትን ይላመዳሉና፣ ከነሣጥኑ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ወስዶ ስለ አወጋገዱ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል።